ገጹ አልከፈት ያለበት ማክሰኞ

እትዬ አዋጢፍ፣ እንዴት ሰነበትሽልኝ? ፍልሰታው እንዴት ይዞሻል? ጉልበትሽስ ሻል አለሽ ወይስ አሁንም የዳቦውን ሊጥ ኩፍ እንዲል ፀሐይ ልታስመቺ ጣሪያ ላይ ስትወጪ ይከዳሻል? ጋሼ ቢሳዳ እንዴት ናቸው? ሸንኮራው ካለቀ ወዲህ ፋብሪካው እፎይ አሰኛቸው ወይስ እንደ አምናው ሚዛን ሲፈቱና ሲገጥሙ ነው የከረሙት? እማማ ሂኔና ዓይናቸው እንዴት ሆነ? አባኑብስ፣ የወለቁት የፊት ጥርሶቹ በቀሉለት ወይ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ቆሜ እሄዳለሁ። «ደህና ነኝ» ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን በወረቀት ዋሽቼሽ አላውቅም። በስልክ ግን ዋሽቼሻለሁ፤ ይህንን የምጽፈውም ስለዚሁ ነው።

ደብዳቤ ሲደርስሽ እንደምትደነግጪ አውቃለሁ። በዚህ ዘመን ደብዳቤ የሚልክ ፍርድ ቤት ብቻ ነው። የሞተ ሰው የለም፣ የታመመም የለም፣ አይዞሽ። ያመጣልሽ የአጎታችን ልጅ ጋጣስ ነው። ለእመቤታችን በዓል ሐሙስ በባቡር ስለሚሳፈር በእጁ ሰጠሁት፤ በፖስታ ብልከው ከእሑድ በፊት እንደማይደርስ ገብቶኛል። ፖስታው ውስጥ ከዚህ ሌላ ማኅተም ያረፈበት አንድ ወረቀት ታጥፎ አለ። እሱን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለሽ ከፍ ያለ ቦታ አስቀምጪው፤ አባኑብ መርከብ እንዳይሠራበት። የልጅሽ የቬሬና ነው።

ዋናውን ነገር እዚሁ ልንገርሽ፤ ሌላውን ቀስ ብለሽ ታነቢዋለሽ። ቬሬና አልዋሸችም። ያን ማክሰኞ፣ የዩኒቨርሲቲ ምደባው ሁለተኛ ዙር በሚዘጋበት ዕለት፣ ከቀትር ጀምሮ ምርጫዬን የምሞላበት ገጽ አልከፈት አለኝ ስትል እውነቷን ነበር። አልከፈት ያላትም እኔ በሠራሁት ስህተት ነው። ዙሩ ያመለጣቸው አቤቱታ የሚያቀርቡበት ቀን እሑድ ያልቃል፤ ወረቀቱን ይዛችሁ ቅዳሜ ጠዋት ቄና ምደባ ቢሮ ብትገኙ ይደርሳል። ሌላው ሁሉ ቀርቶ ይህችን ብቻ ብታነቢ ለልጅቷ ይበቃታል። ለእኔ ግን እስከ መጨረሻው ብታነቢልኝ ደስ ይለኛል።

አንቺ በመጣሁ ቁጥር «ለመሆኑ እዚያ ቁጭ ብለህ ምንድን ነው የምትሠራው?» ትይኛለሽ፤ እኔም «ኢንተርኔት» ብዬ አልፍሻለሁ። ዛሬ በትክክል ልንገርሽ፣ አለዚያ ጥፋቴ አይገባሽም። በዓለም ላይ ያለ የኢንተርኔት ኩባንያ ሁሉ የየራሱ አድራሻዎች አሉት። እያንዳንዱ ለጎረቤቱ «እነዚህ አድራሻዎች በእኔ በኩል ይገኛሉ» ብሎ ይናገራል፤ ጎረቤቱም ለጎረቤቱ ያቀብላል፤ እንዲህ እያለ ወሬው ምድርን ይዞራል። የእኛ ራውተር የሚባለው ማሽን ያንን ወሬ ሁሉ ሰምቶ በዝርዝር ይይዛል። ከእናንተ መንደር አንድ ሰው ገጽ ልክፈት ሲል፣ በየት በኩል እንደሚኬድ ከዚያ ዝርዝር ላይ ፈልጎ ያሳልፈዋል። ሥራው ሲነገር ቀላል ነው። ችግሩ ዝርዝሩ ባለቤት የለውም። አለቃ የለው፣ ጽሕፈት ቤት የለው፣ በቃ የሚል ሰው የለው። ማንም የፈለገውን መስመር ይጨምርበታል፤ ሸክሙን ግን የዓለም ራውተር ሁሉ ይሸከመዋል። ሩቅ ሀገር ያለ አንድ ኩባንያ ለራሱ እንዲመቸው ወደ አድራሻዎቹ የሚወስደውን ሰፊ መንገድ አሥር ቦታ ቆራርጦ ሲያውጅ፣ አሥሩም ቁራጭ መጥቶ እኛ ቤት ይቀመጣል። እኔ ይህን ሥራ ስጀምር ዝርዝሩ መቶ ሺህ ከምናምን መስመር ነበር፤ ዛሬ ከግማሽ ሚሊዮን አልፏል። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ሲያድግ እንጂ ሲያጥር አላየሁም። ኑሮዬ ይኸው ነው፤ የማላውቀው ሰው ዕቃ ቤቴ ሲቆለል ቆሞ ማየትና ቦታ ማብቃቃት።

ይህን ዝርዝር የሚሸከሙልን ሁለት አሮጌ ራውተሮች አሉ። አንዱን ሩሽዲ «ሐጂ» አለው፤ ሌላውን እኔ «ሙቀዲስ» አልኩት። አንዱ መካ ደርሶ፣ አንዱ ኢየሩሳሌም ተሳልሞ የተመለሰ ሽማግሌ ስለሚመስሉ ነው። ሩሽዲን በወሬ ታውቂዋለሽ፤ ጠረጴዛችን የተገጣጠመው ባልደረባዬ ነው። በረመዳን እኔ ተደብቄ እበላለሁ፣ በእኛ ጾም ደግሞ እሱ ሥጋውን ይዞ ኮሪደር ይወጣል። ሐጂ ካይሮንና ወደ ባሕሩ ያለውን ይይዛል። ሙቀዲስ የሚይዘው ላይኛውን ግብፅ ነው፣ ማለት እናንተን። ሁለቱም አምስት መቶ አሥራ ሁለት ሺህ መስመር ገደማ ላይ ልክ ተበጅቶላቸዋል። ልኩን ማስፋት ይቻላል። ግን ለማስፋት ማሽኑን አጥፍቶ ማብራት ያስፈልጋል፤ ያም ሩብ ሰዓት ያህል ከተማውን ከነመንደሩ ማቋረጥ ማለት ነው።

ቁጥሩ ወደ ልኩ እየተጠጋ እንደነበር አውቅ ነበር። በየሀገሩ ያለን የዚህ ሥራ ሰዎች በመልክ አንተዋወቅም እንጂ እንጻጻፋለን፤ ከግንቦት ጀምሮ «ደርሷል፣ ተዘጋጁ» እየተባባልን ነበር። እኔም አለቃችንን ኢንጂነር ሻውቂን አራት ጊዜ ፈቃድ ጠየቅኋቸው። መጀመሪያ «የዓለም ዋንጫ ላይ ነን፣ ናሲፍ፤ ጎል ሊገባ ሲል አጥፍተህ ልታስገድለኝ ነው?» አሉኝ። ከዚያ ረመዳን ገባ፣ ሰው ድራማውን በኢንተርኔት ነው የሚያየው ተባለ። ከዚያ ዒድ። ለአራተኛ ጊዜ ስጠይቃቸው ደግሞ «የምደባ ሰሞን ነው። በሰው ልጅ ዕድል ላይ ሩብ ሰዓት አልጫወትም» አሉ። ይኼኛውን ሲሉኝ ቬሬና ትዝ አለችኝና እኔም ልክ ናቸው ብዬ ተውኩት። ስለዚህ እሳቸውን ለመውቀስ አፍ የለኝም።

ማክሰኞ ጠዋት ቢሮ ስገባ ቁጥሩ ልኩን አልፎ ጠበቀኝ። ከውቅያኖስ ወዲያ በሺህ የሚቆጠሩ ጥቃቅን መንገዶች በአንዴ ተለቀው ነበር። ያን ቀን የተንገዳገድነው እኛ ብቻ አይደለንም፤ ብዙ ሀገር ነው። ሐጂ ትንፋሽ አጠረው። ገጽ ለመክፈት ሻይ ጠጥቶ መመለስ ያስፈልግ ነበር። ስልኮቹ ሁሉ ይጮሃሉ፣ መብራቱ እንደ ሰሞኑ ልማዱ ሁለቴ ሄደ፣ ማቀዝቀዣው ሲቆም ክፍሉ እንደ ዳቦ ቤት ጋለ። እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስለምጾም ውሃ እንኳ በአፌ አልዞረም። ኢንጂነር ሻውቂ መጥተው ከኋላዬ ቆሙና «ማጥፋት የሚባል ነገር የለም። ሳታጠፋ ምን ታደርግልኛለህ?» አሉኝ።

ሳያጠፉ የሚደረግ አንድ ነገር አለ። ራውተሩን «ጥቃቅኖቹን መንገዶች አትስማ» ማለት ነው። ከዝርዝሩ ግማሽ በላይ ጥቃቅን ስለሆነ ወዲያው ይተነፍሳል። ግን ጥቃቅኖቹን የጣለ ሰው መጨረሻ ላይ አንዲት መስመር መጻፍ አለበት፤ «የማታውቀውን አድራሻ ሁሉ ወደ ላይኛው ጎረቤት ስደደው» የምትል። ያቺ መስመር ከሌለች፣ ዝርዝሩ ላይ የሌለ አድራሻ ለራውተሩ ያልተፈጠረ ነው፤ ወደዚያ የሚሄደውን ሁሉ ይጥለዋል። ይህን ትናንት የተቀጠረ ሰው እንኳ ያውቀዋል። ሐጂ ላይ ጻፍኳት። ከዚያ ሙቀዲስ ላይ ገባሁ፣ ጥቃቅኖቹን ጣልኩ፣ ይኼኔ ስልክ ጠራ። አነሳሁ፣ ከአንድ ደንበኛ ጋር ተጨቃጨቅሁ፣ ዘጋሁ። ስመለስ የጨረስኩ መሰለኝ። ልክ ቀትር ነበር።

ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ትልቁ ስክሪን አረንጓዴ ሆነ። ያ ስክሪን የሚፈትሸው ሰው ሁሉ የሚያውቃቸውን ታላላቅ ገጾች ብቻ ነው፤ እነሱ ደግሞ ሰፊ መንገድ ስላላቸው አልተነኩም። ኢንጂነር ሻውቂ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «ጀግና» አሉኝ። እኔም እውነት መስሎኝ ወንበሬ ላይ ተዘረጋሁ። የምደባው ገጽ ግን የተቀመጠው ከጥቃቅኖቹ መንገዶች በአንዱ ላይ ነበር። ከቀትር ጀምሮ በእኛ መስመር ለሚጠቀም የላይኛው ግብፅ ልጅ ሁሉ ገጹ የለም።

አንቺ የደወልሽው አሥር ሰዓት ላይ ነው። «ናሲፍ፣ ልጅቷ ከሚና ኢንተርኔት ቤት ሦስት ጊዜ ተመላለሰች፤ ገጹ አልከፈት አለኝ ትላለች። በእናንተ በኩል የተበላሸ ነገር ይኖር ይሆን?» አልሽኝ። ስልኩ በስፒከር ላይ እንደነበር ገብቶኛል፤ የጋሼ ቢሳዳ ሳል፣ የእማማ ሂኔና ድምፅ፣ ግቢው ውስጥ የነበሩት ጎረቤቶች ሁሉ ይሰሙኝ ነበር። ስክሪኑን አየሁ፤ አረንጓዴ ነው። ገጹን ጠረጴዛዬ ላይ ከፈትኩት፤ ተከፈተ። የእኔ ጠረጴዛ በሐጂ በኩል ነው የሚያልፈው፣ የእናንተ ቤት በሙቀዲስ በኩል። ይህን ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ሰው የለም፤ ግን ያን ሰዓት አላሰብኩትም። ምን እንዳልኩ አንቺም ታስታውሺዋለሽ፤ እኔ ግን በእጄ ልጻፈው። «ምንም አልተበላሸም እትዬ፣ እዚህ ዓይኔ ሥር ተከፍቷል። ከጓደኞቿ ጋር ስትጫወት ውላ ሰዓቱ ሲደርስባት ነው ኢንተርኔቱ የተበላሸባት።» ሳቅሁም። ደክሞኝ ነበር፣ እውነት ነው። ግን ያን ያናገረኝ ድካም አይደለም። ከጠዋት ጀምሮ ሰው ሁሉ ሲጮህብኝ ውሎ ገና «ጀግና» መባሌ ነበር፤ ያቺን ቃል የሚነካብኝ ሰው አልፈለግሁም።

ምደባው አንድ ሰዓት ላይ ተዘጋ። አንድ ተኩል ላይ ከሉክሶር አንድ የሆቴል ሰውዬ ደወለና «ወንድሜ፣ ሁሉም ነገር ይሠራል፤ የእኔ እንግዶች መመዝገቢያ ገጽ ብቻ ጠፍቷል» አለ። ሩሽዲ ሙቀዲስን ከፍቶ አየ። ወንበሩን ወደ እኔ ገፋ አድርጎ፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ያቺን መስመር ለሐጂ ብቻ ነው የሰጠሃት» አለኝ። ወዲያው ጻፍኳት። አሥር ሰከንድ አልፈጀችም። ቀጥሎ ጆሮዬ ላይ የመጣው የአንቺ ድምፅ ነው።

ያን ጊዜ መደወል ነበረብኝ። አልደወልኩም። በማግስቱ ራስሽ ደወልሽና የሆነውን ነገርሽኝ። ጋሼ ቢሳዳ «አጎትሽ ኢንጂነሩ በዓይኑ እያየ ተከፍቷል ብሏል። እዚህ በእኛ ፊት እንዲህ የምትዋሽ ልጅ አስዩት ዩኒቨርሲቲ ብቻዋን ተልካ ምን ልትሆን ነው?» ማለታቸውን፤ እሷም «አባባ፣ በእመቤታችን ይዤሃለሁ፣ አልተከፈተም» እያለች ስታለቅስ ማደሯን፤ ከእንግዲህ ሦስተኛ ዙር የለም፣ አስዩት የለም፣ ቤቷ ትቀመጥ መባሉን። ከዚያ ስፒከሩን አጥፍተሽ፣ ብቻሽን ሆነሽ፣ «ናሲፍ፣ እውነት ምንም አልነበረም?» አልሽኝ። «አልነበረም» አልኩሽ። የማክሰኞው ስህተት ነው፣ የረቡዑ ውሸት ነው። ስታነቢላቸው ሁለቱን እንዳታደባልቂያቸው።

ለምን ብትዪኝ ፈራሁ። ኢንጂነር ሻውቂ ለበላይ አካል ባቀረቡት ሪፖርት ላይ ነገሩን «ዓለም አቀፍ ክስተት» ብለውት ነበር። እውነትም ዓለም ሁሉ የተንገዳገደበት ቀን ነው፤ ከዚያ ሁሉ ግርግር መሃል የእኔን አንዲት መስመር ለይቶ የሚፈልግ ማን አለ? ማንም። ይህን ሳስብ ደስ ያለኝ ቀን እንኳ ነበር፣ አልደብቅሽም። ግን እንቅልፍ ሄደ። ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ከበሩ አላልፍም ነበር። ከእህል የከለከልኩትን አፌን ከውሸት አለመከልከሌ እያሳፈረኝ፣ ጾሙን ራሱ ልተወው ዳዳኝ። አባባ ሲያርፍ አንቺ ከስድስተኛ ክፍል ወጥተሽ ሽመናው ላይ የተቀመጥሽው እኔ ትምህርት ቤት እንድቀር ነው፤ ይህን አንድም ቀን አንስተሽብኝ አታውቂም። አሁን የአንቺን ልጅ ከትምህርቷ ያስቀረኋት እኔ ነኝ። ይህን ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ስምንት ቀን ፈጀብኝ።

እሑድ ለሩሽዲ ነገርኩት። እስከዚያ ድረስ ሲያጽናናኝ ነበር፤ «አንዲት መስመር ረሳህ እንጂ ሰው አልገደልክም፤ ሁላችንም ስንት ረስተናል» ይለኝ ነበር። የልጅቷን ነገር ስነግረው ማላመጡን አቆመ። «እህትህ የደወለችልህ ልጅቷን አምና ነው?» አለኝ። አዎ አልኩት። «አባቷስ የፈረደባት አንተን አምኖ ነው?» አዎ። «ታዲያ እዚህ ከእኔ ጋር ፉል የምትበላው ምን ሁን ብለህ ነው? ተነሣ እንጂ» አለኝና ሳህኑን ከፊቴ አነሳው። ገና ግማሹን አልበላሁም ነበር።

ሰኞ ኢንጂነር ሻውቂ ዘንድ ገብቼ፣ ከቀትር እስከ አንድ ተኩል ድረስ በእኛ ስህተት ገጹ እንዳልተከፈተ የሚመሰክር ወረቀት ይጻፍልኝ አልኳቸው። «አብደሃል?» አሉኝ። «ለአንዲት ልጅ ብለህ የላይኛውን ግብፅ ወላጅ ሁሉ ደጄ ላይ ልታሰልፍብኝ?» እኔም ደክሞኝ ስለነበር ይመስለኛል አልፈራኋቸውም። «ጌታዬ፣ የሚሰለፉት እኮ ተበድለው ነው» አልኩ። መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ሲያሹ ቆዩ። ለካ የእሳቸውም ልጅ ምደባ ላይ ነው፤ ካይሮ በመሆኑ ብቻ ነው ያልነካው። በመጨረሻ «እሺ፣ አትምልሃለሁ። ግን ከመመሪያ ውጭ፣ በገዛ እጄ፣ ሳላስፈትሽ ነው የሠራሁት ብለህ ትፈርምልኛለህ። ከፈረምክ ደግሞ ላቆይህ አልችልም» አሉ። ፈረምኩ። ቀለሙ ደርቆ ስለነበር ማኅተሙን ሁለት ጊዜ ነው የመቱት፤ ወረቀቱ ላይ ድርብ ሆኖ የምታይው ለዚያ ነው፣ ፎርጅድ እንዳይመስልሽ። የቬሬና ስምም የለበትም፤ ያን ቀን በእኛ መስመር ለተጠቀሙት ሁሉ ነው የተጻፈው። ስለዚህ ለሚና ኮፒ ስጡትና በሩ ላይ ይለጥፈው፤ እንደ ቬሬና ውሸታም የተባለ ሌላ ልጅ ይኖራል።

እንግዲህ ሥራዬ በዚህ ወር መጨረሻ ያበቃል። አታልቅሺ፣ በማርያም። እኔም አላለቀስኩም። የሚያስቀው፣ ሁለቱን ሽማግሌዎች አጥፍቶ የማብራቱ ፈቃድ ትናንት መጣ፤ ሩሽዲ ዓርብ ማለዳ ይሠራዋል፣ ሩብ ሩብ ሰዓት ብቻ። ከዚያ በኋላ ለጥቂት ዓመት ይተነፍሳሉ። ዝርዝሩ ግን ዛሬም እያደገ ነው፣ ነገም ያድጋል፤ ማንም በቃ አይለውም። እኔ ግን ደክሞኛል እትዬ። ሌላ ሥራ እፈልጋለሁ፤ ከዚያ በፊት ግን አንድ ሳምንት ያህል እናንተ ዘንድ መጥቼ ግድግዳ ተደግፌ ብቀመጥ ምንኛ ደስ ባለኝ። ጋሼ ቢሳዳ ከፈቀዱልኝ ነው።

አሁን የምለምንሽ አንድ ነገር ነው። ዓርብ የእመቤታችን በዓል ነው፤ ዘመዱም ጎረቤቱም እንደ ወትሮው እናንተ ቤት ይሰበሰባል። እኔ ያን ማክሰኞ በስፒከር ስስቅባት የሰሙኝ ሰዎች ሁሉ ይኖራሉ። ምግቡ ሳይቀርብ በፊት ይህን ደብዳቤ በእነሱ ፊት አንብቢው። ዝቅ ባለ ድምፅ አይደለም፤ ከግቢው በር የቆመ ሰው እንዲሰማ አድርገሽ። ስለ እኔ አፍረሽ የምታልፊያት መስመር እንዳትኖር። ጋሼ ቢሳዳንም እንዳትወቅሺያቸው፤ የተማረ ሰው ብለው የእኔን ቃል ከልጃቸው ቃል አስበለጡ፤ የእሳቸው ጥፋት ይኼው ብቻ ነው።

ለጋሼ ቢሳዳ ከእግራቸው ሥር ሆኜ ሰላም እላለሁ፤ ሰላምታዬን ባይቀበሉም እውነት አላቸው። ለእማማ ሂኔና እጃቸውን ሳሚልኝ፤ የዓይን ጠብታቸውን ጋጣስ ይዞላቸዋል። ለአባኑብ ጉንጩን ሳሚልኝና ጥርሱ ሲበቅል ፎቶ ይላክልኝ በይው። ለአባ ሰርጊስ፣ ለሚና ከነቤተሰቡ፣ በጎረቤት ላሉት ሁሉ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ለአንቺ ምን እንደምልሽ አላውቅም፤ አንቺን ይቅር በይኝ ማለት ለእኔ እንግዳ ነገር ነው፣ እስካሁን ሳልጠይቅሽ ነበር ይቅር የምትዪኝ።

ለቬሬና ሰላምታ አልልክም። ሰላምታ ለመላክም ፊት ያስፈልጋል። ቅዳሜ ከቄና ስትመለሱ እደውልላታለሁ፤ ስፒከር የለም፣ ለእሷ ብቻ ነው። ካላነሳችልኝ፣ እትዬ፣ «አንሺ» አትበያት።

ወንድምሽ ናሲፍ
ካይሮ፣ ሹብራ
ረቡዕ፣ ነሐሴ 14 ቀን 1730 ዓመተ ሰማዕታት